ጉንፋን ሲይዘን ከጓዳችን ምን እናውጣ፣ ምንስ እንተው?

(በታኅሣሥ ወር ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ የዕድር ስብሰባ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ተቀንሷል።)

እንደምን አደራችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፄ ይሰማል? እዚያ ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? ጥሩ። በሩን ማን ዘጋው? እባክህ ልጄ፣ አንዱን መዝጊያ ክፈተው። አዎ፣ ብርድ ነው፣ አውቃለሁ። ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉ። ለምን እንዳስከፈትኩት አሁን እነግራችኋለሁ።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ የዕድራችን ሊቀ መንበር ይህን ጊዜ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ «ሲስተር» እያላችሁ ነው የምትጠሩኝ። ጡረታ ብወጣም ስሙ አልለቀቀኝም፤ ጠዋት በር የሚያንኳኳውም አልቀነሰም። እኛ ዕድርተኞች ብዙ ጊዜ የምንሰበሰበው ለለቅሶ ነው። ዛሬ የተሰበሰብነው ለሳል ነው። እስኪ አንድ አፍታ ዝም በሉ። ሰማችሁ? ከዚያ ጥግ አንድ፣ ከዚህ ሁለት፣ ከኋላ ደግሞ አንዱ አፍኖ ይዞታል። አይዞህ ሳል፣ ግን ክንድህ ላይ!

አራት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ጉንፋን ከየት ይመጣል። ሁለተኛ፣ ከጓዳችን የሚጠቅመው ምንድን ነው። ሦስተኛ፣ የሚጎዳው ምንድን ነው። አራተኛ፣ መቼ ነው የቤቱን ትተን ወደ ጤና ጣቢያ የምንሮጠው። ከአራቱ አንዱን ብቻ ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ አራተኛውን ያዙ። እሱን ሳልጨርስ የሚነሣ ሰው እቀየማለሁ።

ወደ አንደኛው ልግባ። ጉንፋን ከየት ይመጣል?

(ከታዳሚው፦ «ከብርድ!»)

ይኸው! ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። ብርድ መታኝ፣ ነፋስ ገባብኝ፣ ላብ ላይ ሆኜ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁ። ጉንፋን የሚያስይዘው ግን ቫይረስ ነው። በዓይን የማይታይ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ቫይረስ። ዓይነቱም አንድ አይደለም፤ ከ200 ይበልጣል። ባለፈው ወር ይዞኝ ለቆኛልና ዘንድሮ ተገላግያለሁ የምትሉት ለዚህ ነው የማያዋጣችሁ። አንዱ ሲለቃችሁ ሌላው ይጠብቃችኋል።

ታዲያ ብርዱ እጁ የለበትም? አለበት። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ታዩታላችሁ። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ለቫይረሱ ይመቸዋል። ይበልጥ የሚመቸው ግን የእኛ ነገር ነው። ሲበርደን ምን እናደርጋለን? በር እንዘጋለን። መስኮት እንወትፋለን። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይታጎራል። ልጅ ያስላል፣ አያት ይቀበላሉ። አያት ያስነጥሳሉ፣ እናት ትቀበላለች። በሩን ያስከፈትኳችሁ ለዚህ ነው። ብርድ ትንሽ ብንቀምስ ይሻላል፣ የሰው ትንፋሽ ተመልሰን ከምንተነፍስ።

እጅም አለ። አፍንጫውን የጠረገበትን እጅ ለሰላምታ ይዘረጋል። በዚያው እጁ ይጎርሳል፤ አልፎም ለጎረቤቱ ያጎርሳል። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ እኔም እወዳለሁ። ጉንፋን የያዘው ሰው ግን ለሳምንት ፍቅሩን በቃል ይግለጽ! በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ሲገባ በክርን ሰላም እንባባል የነበረው አይረሳችሁም። ያኔ በየቤቱ ደጃፍ የውሃ ጄሪካንና ሳሙና ነበር። ጄሪካኑ የት ገባ? ጠላ ተጠመቀበት መሰለኝ።

አሁን ስለ ኢንፍሉዌንዛ አንድ ነገር ልበል፤ ከጉንፋን ጋር እናምታታዋለን። ጉንፋን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ከዚያ አፍንጫ ይፈሳል፣ ከዚያ ሳል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ድንገት ነው። ጠዋት በእግሩ ሥራ የሄደውን ሰው ማታ ደግፈው ያመጡታል። ትኩሳቱ ከፍ ይላል፣ አጥንቱ ይሰበራል፣ ጭንቅላቱ ይፈለጣል፣ ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል። «ጉንፋን ነው» ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ኅዳር 12 ቀን የሚካኤል ዕለት ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል ምን እያሰብን ነው? ልጆች፣ ታውቃላችሁ? ኅዳር ሲታጠን የምንለው ከዚህ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃት የኅዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ዓለምን በሙሉ ያዳረሰ ነው። የሚቀብር ሰው ታጣ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው በጭንቅ ነው የተነሡት። እንግዲህ አባቶቻችን ቆሻሻውን አቃጠሉ፤ መንደር ጸዳ፤ ደግ ነው። ጭሱ ግን ቫይረስ አይገድልም። ሳል ላለበት ሰው ጭራሽ ይብስበታል። እኔ በበኩሌ ቆሻሻው ቢጠረግና ላስቲኩ ባይቃጠል ደስ ይለኛል። ለዚህ የሚቀየሙኝ ሽማግሌዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይቅርታ አባቶቼ።

ሁለተኛው። ከጓዳችን የሚጠቅመው።

መጀመሪያ ግልጽ እንሁን። ጉንፋንን የሚያድን ነገር ከጓዳ የለም። አንድም የለም! ነጭ ሽንኩርትም አያድንም። ዝንጅብልም አያድንም። ጦስኝም አያድንም። የሚያድነው ገላችሁ ራሱ ነው። ጊዜ ይፈልጋል፤ ከሰባት እስከ አሥር ቀን። ሳሉ ብቻውን ሁለት ሳምንትም ሊጎተት ይችላል። በአምስተኛው ቀን አንድ ነገር ትጠጣላችሁ፣ በሰባተኛው ይለቃችኋል፣ ከዚያ «ፈወሰኝ» ብላችሁ ለመንደሩ ታወራላችሁ። ባትጠጡትም ይለቃችሁ ነበር።

«ታዲያ ሲስተር፣ የጓዳው ምን ሊሠራ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ያቀልላል። ማቅለል ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሊቱን ሲያስል ያደረ ሰው ሁለት ሰዓት ቢተኛ ትንሽ ነገር ነው? ጉሮሮው ተዘግቶ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው አንድ ስኒ ነገር ቢወርድለት ትንሽ ነገር ነው? የጓዳ ሥራ ይኸው ነው፤ ማቅለል። ከዚህ በላይ አትጠይቁት፤ ከዚህ በላይ ስትጠይቁት ነው አደጋው የሚመጣው።

የሁሉም አለቃ ትኩስ ፈሳሽ ነው። የፈለጋችሁትን ጨምሩበት፤ ዋናው ሠራተኛ ሙቀቱና ውሃው ነው። ንፍጡን ያቀጥናል፣ ጉሮሮ ያረጥባል፣ በትኩሳት የወጣውን ውሃ ይመልሳል። ሽንታችሁን እዩ። እንደ ወትሮው ካልመጣና ቀለሙ ከደፈረሰ አልጠጣችሁም ማለት ነው።

እኔ መንዝ ነው ያደግሁት። እዚያ ጦስኝ ከቤት አይጠፋም። ከብርዱ ምድር ተጣብቆ የሚበቅል፣ ትንሽ፣ ሽታው ግን ቤት የሚሞላ ቅጠል ነው። እናቴ ደረቁን ጦስኝ በመዳፎቿ መሃል አድርጋ ታሽና ሽታው ሲነሣ ነበር ጀበናው ውስጥ የምትበትነው። ከፈላ በኋላ ወዲያው አትቀዳም። ክዳኑን ገጥማ ትተወዋለች። ከዚያ በስኒ ቀድታ ማር ጠብ ታደርግበታለች። ባና ለብሰን ተራ እንጠብቃለን። ያ ባና የበግ ጠጉር ስለሆነ አንገት ይበላ ነበር፤ ሙቀቱን ግን ፋብሪካ የሠራው ብርድ ልብስ አላገኘውም። ይቅርታ የፋብሪካ ሠራተኞች!

የእናቴ አሠራር ትክክል ነበር። የጦስኙ ሽታ የሚመጣው ከቅጠሉ ዘይት ነው። ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ነገሮች አሉበት። ዘይቱ በእንፋሎት ይበርራል፤ ሳይከደን ሲፈላ ቤቱ ይሸታል እንጂ ስኒው ባዶ ነው። ስለዚህ አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱ፣ ክደኑ፣ ጠብቁ። አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። አሁን በየገበያው የሚሸጠው ጦስኝ ብዙው ከነሥሩ የተነቀለ ነው። ከነሥሩ አትግዙ! ከላይ የታጨደውን ግዙ። በዚህ ከቀጠልን ጋራው ላይ የሚተርፍ አይኖርም።

ዝንጅብልም እንዲሁ። ቀጥቅጡት፣ አፍሉት፣ ሎሚ ጨምሩ። ጉሮሮ ያሞቃል። ነጭ ሽንኩርት በማር? ምግብ ነው፤ ብሉት። ጨጓራ ያለባችሁ ግን በባዶ ሆድ አትድፈሩት፤ ጉንፋኑን ስታባርሩ ጨጓራውን ትቀሰቅሳላችሁ። ኮሮና ጊዜ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ የነካው አይረሳኝም። ቫይረሱን የከለከለ ግን አልነበረም።

ማር ላይ ትንሽ ልቆይ። ማር ለሳል ይረዳል። ይህ በጥናትም የታየ ነው፤ በተለይ የልጆችን የሌሊት ሳል ያበርዳል። ከመተኛቱ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ልሶ ይተኛ። ግን፣ ግን፣ ግን! ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ጠብታም አይሰጥም። ማር ውስጥ አንዳንዴ ቦቱሊዝም የሚባል መርዛማ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ይኖራል። ትልቅ ሰው ይቋቋመዋል። ጨቅላ አይቋቋምም፤ ጡንቻው ይዝላል፣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። አያቶች፣ እናንተን ነው የምለው! «እኛ ስንሰጥ ኖረናል» አትበሉኝ። ዓመት ያልሞላው ልጅ መድኃኒቱ የእናት ጡት ነው። አፍንጫው ተዘግቶ መጥባት ሲያቅተው ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ በትንሽ ጨው በጥብጣችሁ አንድ ሁለት ጠብታ አፍንጫው ላይ አድርጉለትና ጥረጉለት። ከዚያ ይጠባል።

ጨው ካነሣሁ፣ ለእኛ ለአዋቂዎቹም እሱው ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፤ ተጉመጥሞጡ፣ ጉሮሮ ድረስ አድርሱት፣ ትፉት። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ማንም አይኩራራበትም። ምናልባት ርካሽ ስለሆነ ነው ሰው የሚንቀው።

እንፋሎት። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ጋቢ ተከናንቦ መታጠን። የተደፈነ አፍንጫ ለጊዜው ሊከፍት ይችላል። በነገራችን ላይ «የቅድመ አያቶቻችን መድኃኒት» የምንለው ይህ ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ብዙም አላረጀም። ስትታጠኑ ድስቱን ከእሳት አውርዱ፣ መሬት ላይ አደላድሉት፣ ፊታችሁን ራቅ አድርጉ። ሕፃን ልጅ ግን በጋቢ ሸፍናችሁ ከፈላ ድስት ላይ አታስጎንብሱ። በጉንፋን ሳይሆን በዚያ ውሃ ተቃጥለው የመጡ ልጆች አክሜያለሁ። ጥቁር አዝሙድ ቆላ አድርጎ በጨርቅ ቋጥሮ ማሽተት ለሚሹ፣ እሱ ይሻላል፤ ቢያንስ አያቃጥልም።

ዳማከሴስ? ዳማከሴ ጠይቁኝ ብዬ ነበር የመጣሁት። ምች ሲባል ቅጠሉን አሽተን አፍንጫችን ላይ እናደርጋለን፣ ጭማቂውን በቡና እንጠጣለን። በአይጥ ላይ ተሞክሮ ትኩሳት ሲቀንስ ታይቷል። ስለዚህ አባቶቻችን ዝም ብለው አላሹትም። ጤና አዳምንም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ችግር የለውም። እርጉዝ ሴት ግን ጤና አዳም ጨምቃ አትጠጣ፤ ማህፀን ይቆጣል።

ምግብ። ጾም ላይ ነን፤ የዶሮ ሾርባ አልላችሁም። የአጃ አጥሚት አለ፣ የገብስ አጥሚት አለ፣ የምስር ሾርባ አለ፣ ተልባ አለ። በጣም የታመመ ሰው ግን ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ቆሎውን ለጊዜው ተዉት፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ዕረፍትም ምግብ ነው፤ እናቶች፣ ትኩሳት ይዟችሁ እንጀራ አትጋግሩ፤ አንድ ቀን ዳቦ ይበላል፤ ማንም አይሞትም።

ሦስተኛው። የሚጎዳው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ።

አረቄ። ደብረ ብርሃን ላይ ቆሜ አረቄን መንካት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። «አንድ መለኪያ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ፣ ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ ላብ ማውጣት።» ስንቶቻችሁ ናችሁ? እጅ አውጡ። አትፍሩ፣ ባለቤቶቻችሁ ያውቃሉ። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ የገላን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክናል። ውሃ ያስወጣል። እንቅልፍ ያበላሻል። የከፋው ደግሞ ከክኒን ጋር ሲገናኝ ነው። ፓራሲታሞል ውጦ አረቄ መደገም ጉበት ላይ መፍረድ ነው።

ፓራሲታሞል ራሱ ጥሩ መድኃኒት ነው። ትኩሳትና ሕመም ያበርዳል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ልዩነት፣ በቀን ከስምንት ፍሬ አይለፍ። ጉበት ያለበትና መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ሐኪም ሳያማክር ወደዚያ አይጠጋ። ችግሩ ስሙን እየቀያየረ መምጣቱ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ጎረቤቴን ለጉንፋን ሦስት ዓይነት ክኒን አሸክሞ ላካት። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ሁለቱ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። ስማቸው ሌላ፣ ቀለማቸው ሌላ፣ ውስጡ አንድ። ሁለቱንም እንደታዘዘው ብትውጥ ከልክ በላይ ነበር። ሦስተኛው አሞክሳሲሊን ነው፤ ያውም ያለ ማዘዣ! ለልጆች ደግሞ ለትኩሳት አስፕሪን አትስጡ፤ ሬይ የሚባል አደገኛ ሕመም ሊያመጣባቸው ይችላል።

ስለ አሞክሳ በደንብ እንነጋገር። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ ነው የሚገድለው። ጉንፋን ቫይረስ ነው። ለጉንፋን አሞክሳ መዋጥ ለአረም የሚረጨውን ረጭቶ ተምች ይሙትልኝ እንደማለት ነው። ገበሬ ያለ እዚህ ሁሉ ያውቀዋል። ተምቹ አይሞትም፣ ብሩ ግን ሄዷል። ባክቴሪያው ደግሞ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ነገ ልጃችሁ እውነተኛ የሳንባ ምች ሲይዘው ያው መድኃኒት አልሠራም ይላል። ከባለፈው ሕመም የተረፈች አራት ፍሬ መሳቢያ ውስጥ ያላችሁ፣ እባካችሁ ለጎረቤት አታውሱ። ስኳር አይደለም።

ከሰል። ይህን ስናገር ፈገግታ የለኝም። ታማሚ ይሙቀው ተብሎ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ቀለም የለውም። አይቀሰቅስም። ጠዋት ሰው ሲያንኳኳ የሚከፍት የለም። ይህን ዕድራችን ያውቀዋል፤ ድንኳን ጥለንበታል። ከሰል ከመተኛታችሁ በፊት ይውጣ! ፍም ብቻ ቀርቷል አትበሉ፣ ፍሙም ይገድላል። የኩበት ጭስም ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። እንጀራ ሲጋገር ሕፃኑን አዝላችሁ ጭስ ላይ አትቁሙ። ከልጆች ሳንባ ምች ትልልቅ መንገዶች አንዱ ይህ ጭስ ነው።

ልጅ ሲያተኩስ ደግሞ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ እንከምራለን። ተቃራኒው ነው፤ ልብሱን ቀለል አድርጉለት። ቅቤ አፍንጫው ውስጥ አትጨምሩ፤ ወደ ሳንባው ይወርዳል።

አሁን ስለ እንጥል። ገና ወጣት ነርስ ሳለሁ ወደ ቆላው አፋፍ በሚገኝ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አንዲት እናት ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ነጠላው ደም ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሳል ይዞት ነበር፤ ተራ ሳል። «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተባለ። ቆራጭ ተጠራ። ልጁ አያለቅስም፤ ማልቀስ አቅቶታል። አፉን ስከፍተው ደሙን እየዋጠ ነው። ከንፈሩ ነጥቷል። መኪና ለምነን ወደ ሆስፒታል ላክነው። ደም ተሰጠው፣ ተረፈ። እናቲቱ ወደ ኋላ ቀርታ ምን አለችኝ? «ሲስተር፣ ሳሉስ አሁን ይለቀው ይሆን?» አልተናደድኩባትም። ማን ነገራትና?

እንጥል ሁላችንም አለን። ዛሬ ማታ መስታወት ይዛችሁ አፋችሁን ክፈቱ። አለ። ሲያስል ያብጣል፣ ሲሻል ይመለሳል። አልወረደም። መቆረጥ የለበትም። ይህ ነገር ከመንደራችን ጠፍቷል የሚለኝ ካለ፣ ጠፍቶ ቢሆን ባልጠቀስኩት ነበር።

አራተኛው። መቼ ነው የጓዳውን ትተን የምንሄደው?

ለአዋቂ በአጭሩ ልበል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ አክታ ደም ከተቀላቀለበት፣ ትኩሳት ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ወይም ሻል ብሎት እንደገና ካገረሸ፣ ይሂድ። አረጋውያን፣ እርጉዞች፣ አስም፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ሦስት ቀንም አትጠብቁ። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታ ይመርመር፤ ቲቢ ጦስኝ አይፈራም። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ወይም ቀወት ሰንብቶ የመጣ ሰው ካተኮሰው ደግሞ «ምች ነው» ብላችሁ ዳማከሴ አትጭመቁለት። ደሙ ይታይ። ወባ ሊሆን ይችላል። ወባ ቀን አይሰጥም።

ልጆች ላይ ግን እጄን ይዛችሁ አብረን እንቁጠር። ልጅ በሳንባ ምች ተይዞ እንደሆነ ሐኪም ሳይሆን እናት በቤቷ ልትጠረጥር ትችላለች። መሣሪያው ሰዓት ነው። ስልካችሁ ላይ አለ። ልጁ ተረጋግቶ ሳለ፣ ሳያለቅስ፣ ሳይጠባ፣ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስቡ። ሆዱንና ደረቱን እዩ። አንዴ ወደ ላይ ሲነሣ አንድ ትንፋሽ ነው። አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥራችሁ በሁለት አታባዙ፤ የልጅ ትንፋሽ እኩል አይሄድም።

ሁለት ወር ያልሞላው፣ 60ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር እስከ ዓመት፣ 50ና ከዚያ በላይ። ከዓመት እስከ አምስት ዓመት፣ 40ና ከዚያ በላይ። ድገሙልኝ። 60፣ 50፣ 40። እንደገና! 60፣ 50፣ 40። ጎሽ።

ቁጥሩ እዚህ ከደረሰ ወይም ካለፈ ጤና ኬላ ውሰዱት። ጤና ኤክስቴንሽኗ ትቆጥራለች፣ ሳንባ ምች ከሆነ ለልጅ የተሠራውን መድኃኒት እዚያው ትሰጣለች። አሞክሳሲሊን ማለት ነው፤ አሁን በቦታው ገባ፣ አያችሁ? የደረቱ የታችኛው ክፍል ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የሚበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ቀስቅሳችሁት ካልነቃ ቁጥሩን ተዉት፣ አዝላችሁ ሩጡ። ሌሊት ከሆነም በሌሊት። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰም እንዲሁ።

ክትባቱንም አትርሱ። የሳንባ ምቹ ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ውስጥ በነጻ ይሰጣል። በስድስት፣ በአሥር እና በአሥራ አራት ሳምንት። ካርዱን ፈልጉና እዩ፤ አንዱ ጎድሎ ከሆነ ነገ ሰኞ ነው፣ ጤና ጣቢያው ክፍት ነው።

እስኪ አሁን በተግባር። ሕፃን የያዘች እናት ማን አለች? ነይ እህቴ፣ ወዲህ ወደ ብርሃኑ። ስንት ወሩ ነው? ስምንት። እሰይ፣ ተኝቷል፣ ይበልጥ ጥሩ። ሸሚዙን ሰብስቢው፤ ትንሽ ነው፣ አይበርደውም። አንተ ልጅ ስልክህን አውጣና ደቂቃ ያዝ። ሌሎቻችሁ በልባችሁ ቁጠሩ፣ ድምፅ አታሰሙ። ጀምር…

በቃ። ስንት አላችሁ? 38? እናንተስ? 37። እኔም 38 ነው ያልኩት። ገደቡ ስንት ነበር? 50! ስለዚህ አፍንጫው ቢፈስም ሳንባው ደህና ነው። ጡት ስጪው፣ አፍንጫውን ጥረጊለት፣ ማር አታቅምሺው። ለአያቱም ንገሪያቸው። ማታ ደግመሽ ቁጠሪ፤ 50 ከገባ ደውይልኝ ሳይሆን ቀጥታ ጤና ኬላ ሂጂ።

ሁላችሁም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የተኛ ልጅ ላይ ተለማመዱ። ጤነኛውን መቁጠር ካልለመዳችሁ የታመመውን ቀን እጃችሁ ይንቀጠቀጣል። አባቶችም ጭምር፤ ቁጥር መቁጠር የሴት ሥራ ነው የሚል ሰው እዚህ የለም አይደል?

ቡናው ፈልቷል መሰለኝ። ጥያቄ ያላችሁ እየጠጣችሁ ጠይቁኝ። የምታስሉ ግን ስኒ አትዋዋሱ፤ በሩም ክፍት ይሁን።